ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ባላቸውን የሚያስታምሙ ሚስቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

እዚህ የተጻፈው ፕሮስቴታቸው ሙሉ በሙሉ ስለወጣላቸው ወንዶች ነው። በሽንት መሽኛ በኩል ተገብቶ ዕጢው ከውስጥ የሚፋቅበት ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱ የሚደረገው በአብዛኛው ካንሰር ላልሆነ የዕጢ ማበጥ ስለሆነ ማገገሚያውም ይለያል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም የሰጣችሁ ትእዛዝ ከዚህ ጋር ካልተስማማ የሐኪሙን ያዙ።

ዕጢው ወጥቷል ተብለናል። ታዲያ ይሄ ቱቦ ለምን ቀረ?

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛው አፍ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት የሚከብ ዕጢ ነው። ሲወጣ በመሃሉ የሚያልፈው የቧንቧ ክፍል አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ሐኪሙ የፊኛውን አፍ ወደ ታች ስቦ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፋዋል። ካቴተር የሚባለው ይህ የሽንት ቱቦ በዚህ ስፌት መካከል አልፎ ፊኛው ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ባለች 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ በምትይዝ ፊኛ መሳይ ኳስ ስለሚያዝ በቀላሉ ሾልኮ አይወጣም። ሽንቱ እዚያ ሳይጠራቀም ይወርዳል፣ ስፌቱም ሳይወጠር ይድናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማስታመም ከሞላ ጎደል ይህችን ስፌት መጠበቅ ነው። ከዚህ በታች «አይደረግም» የሚባለው አብዛኛው ነገር ምክንያቱ እሷ ናት።

ቱቦውንና ከረጢቱን እንዴት ልያዝ?

ከመንካትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቱቦው ጭን ላይ በማሰሪያ ወይም በፕላስተር ይያዝ፤ ከማሰሪያው እስከ ብልቱ ባለው ክፍል ግን ትንሽ ይላላ። ተወጥሮ የታሰረ ቱቦ ሲራመድም ሲገላበጥም ይጎትታል፣ የብልቱን ጫፍም ያቆስላል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፣ ወለል ላይ ግን አይጋደም። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይፍሰስ፤ ሲከብድ ቱቦውን ስለሚጎትት እስኪሞላ አይጠበቅም።

ቀን የሚታሰረው የእግር ከረጢት ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የሌሊቱ 2 ሊትር። ማታ የእግሩን ሳያወልቁ የሌሊቱን ከሥሩ ካለው መክፈቻ ጋር ይሰኩታል። በብዙ ቤት የሚፈጠረው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ይሰካና የእግሩ ከረጢት መክፈቻ ተዘግቶ ይረሳል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የእግሩ ከረጢት ተነፍቶ፣ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሰውዬው ሆዱን ይዞ ይነሳል። ከሰኩ በኋላ መብራት ሳያጠፉ ሽንቱ ወደ ታችኛው ቱቦ መውረዱን በዓይንዎ ይዩ።

የብልቱን ጫፍና ከእሱ የሚወጣውን ቱቦ በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ ይበቃል። ከሰውነቱ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አይጠረግም። ያልተገረዘ ከሆነ ሸለፈቱ ወደ ኋላ ተስቦ ይታጠብና ወደ ቦታው ይመለስ፤ ሳይመለስ ከቀረ አብጦ ይቆልፋል። ጫፉን ካሻከረው ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ይቀባ። ቫዝሊን ላቴክስ የሆነውን ካቴተር ጎማውን ስለሚያበላሽ ይቅር።

ገላውን መታጠብ ይችላል፣ ከነቱቦው። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ቁስሉ እስኪደርቅና ቱቦው እስኪወጣ ይቆይ።

ከረጢቱ ውስጥ ምንም አልገባም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በጣትዎ ይከተሉት። ጭኑ ሥር ተጣጥፎ፣ በሱሪ ላስቲክ ታንቆ ወይም ተኝቶበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከረጢቱ ሞልቶ ወይም ከፍ ብሎ ተሰቅሎ እንደሆነ ይዩ። ይነሳና ጥቂት ይራመድ፣ ውሃ ይጠጣ። ይህ ሁሉ ተደርጎ 2 ሰዓት ያህል ጠብታ ካልወረደ፣ ወይም ሰዓቱ ሳይሞላም ከእምብርት በታች ተወጥሮ ካመመው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ተዘግቶ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በረጋ ደም ነው፤ በመርፌ ውሃ ገፍቶ ማጠብ እንዴት እንደሆነ ካላሳዩዎት አይሞክሩት።

ቱቦው ራሱ ከወጣስ? መልሰው አያስገቡት፣ «እስኪ በራሱ ይሸና እንደሆነ» ብለውም እቤት አይቆዩ። የደረሳችሁበት ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ መስማት ያለበት «ፕሮስቴቱ ከወጣ ይህን ያህል ቀኑ ነው» የሚለውን ነው። ይህን ያልሰማ ሰው እንደማንኛውም ታካሚ ሌላ ካቴተር ገፍቶ ሊያስገባ ይሞክራል፣ ስፌቱም ሊቀደድ ይችላል። አዲሱን ማስገባት ያለበት የሽንት ቧንቧ ሐኪም ወይም እሱ የሚመራው ባለሙያ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ የካቴተሩ ቁጥርና የሐኪሙ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ይኑር። በድንጋጤ መሃል ይህን የሚያስታውስ የለም።

ሽንቱ ቀልቷል፤ በቱቦው ዙሪያም ይንጠባጠባል።

ሮዝ መሳይ ሽንት የሚጠበቅ ነው። ሰገራ ሲያምጥ ወይም ከወትሮው በላይ ሲራመድ ቀልቶ፣ ተጋድሞ ውሃ ሲጠጣ ይጠራል። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንስተው (ወዲያው ወደ ታች ይመልሱት) ከጀርባው የያዙት ጣትዎ በሽንቱ ውስጥ ከታየዎት አይደንግጡ። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ደም ከሆነ ወይም የረጋ ደም ቁራጭ በብዛት ከወረደ ይደውሉ። ልቡና ኩላሊቱ ደህና ከሆነ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይጠጣ።

በዙሪያው የሚንጠባጠበው አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው ቱቦውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲኮማተር ነው። ድንገት «ሽንቴ መጣ» ይላል፣ ጫፉ ላይ ያቃጥለዋል፣ ጥቂት ያመልጠዋል። ከረጢቱ ውስጥ ሽንት እየወረደ እስከሆነ ድረስ አደጋ የለውም፤ የሚያሠቃየው ከሆነ ማስታገሻ መድኃኒት አለ። ያ መድኃኒት ካቴተሩ ከመውጣቱ በፊት መቼ እንደሚቆም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፊኛውን ስለሚያላላ በሚወጣበት ቀን ሽንት ሊያስቸግረው ይችላል።

ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው የትኛው ነው?

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት። የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ መሞቅ ወይም ማመም። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት። ሆዱ እየተነፋ የማይቆም ትውከት፣ ፈስም ሰገራም መጥፋት። መግል የሚያወጣ ወይም የሚከፈት ቁስል።

የባትና የትንፋሹ ነገር የደም መርጋት ምልክት ነው፣ ሰዓት አይሰጥም። አደጋው ከሆስፒታል በወጣ ቀን ስለማያበቃ ለብዙዎች ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ እስከ 4 ሳምንት ይታዘዛል። እርስዎ የሚወጉት ከሆነ ከእምብርቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥረው ቀጥ አድርገው ይውጉ፣ ጎኑን በየቀኑ ይቀያይሩ፣ ከወጉ በኋላ አይሹት፤ ማሸት ያበልዘዋል። ተሞልቶ በሚመጣው መርፌ ውስጥ ያለችውን የአየር አረፋ ማስወጣት አያስፈልግም።

ሰገራ ካልተቀመጠ አራተኛ ቀኑ ነው። ላጥበው?

በፍጹም። በፊንጢጣው ምንም ነገር አይገባም፤ ውሃም፣ የሚከተት መድኃኒትም፣ የሙቀት መለኪያም። የፊንጢጣው ግድግዳ ፕሮስቴቱ ከተነቀለበት ቦታ ጋር ተጠጋግቶ የሚገኝ ስስ ሥጋ ነው። ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ በሐኪም ፈቃድ ብቻ።

ድርቀቱ የሚመጣው ከጠንካራ ማስታገሻዎች፣ ከመተኛትና ውሃ ከማነስ ነው። ሰገራ የሚያላላው መድኃኒት ከታዘዘ ድርቀቱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው ቀን ይወሰድ። ገለባው ያልወጣ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ውሃና መራመድ ይረዱታል። ሽንት ቤት ሲቀመጥ እግሩን ዝቅ ባለ ነገር ላይ ከፍ አድርጎ ወደፊት ቢያዘነብል ማማጡ ይቀንሳል። ፓራሲታሞል ብቻውን ከበቃው ጠንካራውን መተው ነው፤ በአንድ ጊዜ 1 ግራም፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳይበልጥ። ጉበቱ ጤነኛ ካልሆነ ወይም ክብደቱ አነስተኛ ከሆነ መጠኑን ሐኪሙ ይቀንሰዋል። ሌላው ክኒን ውስጥም ፓራሲታሞል መኖር አለመኖሩን ከማሸጊያው ያንብቡ።

የቆለጡ ከረጢት አብጦ ጠቁሯል።

ያስደነግጣል እንጂ የተለመደ ነው፤ ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ወርዶ ነው። ሲጋደም ፎጣ ጠቅልሎ ሥሩ ማድረግ፣ ሲነሳ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ መልበስ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይጎድላል። እያደር የሚጠነክር፣ የሚቀላና የሚያተኩስ ከሆነ ግን ይታይ።

ምን ያህል ይንቀሳቀስ?

ይራመድ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ፣ ቀን በቀን እየጨመረ። ደረጃ ይወጣል። ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት፣ ከባድ ነገር መግፋትና መጎተት እስከ 6 ሳምንት አይፈቀድም፤ የልጅ ልጅም ክብደት ነው። ብስክሌት ከዚህም በላይ ይቆያል። መኪና መንዳት ቱቦው ወጥቶ፣ ጠንካራ ማስታገሻ አቁሞ፣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ሳያመው መርገጥ ሲችል። የቢሮ ሥራ ብዙዎች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራሉ፣ የጉልበት ሥራ ከ6 እስከ 8።

ከአልጋ ሲነሳ እጁን ይዘው አይጎትቱት፤ ለእሱ ሆድም ለእርስዎ ወገብም ጥሩ አይደለም። ጉልበቱን አጥፎ ወደ ጎኑ ይገልበጥ፣ እግሩን ከአልጋው ያውርድ፣ በክንዱ ተመርኩዞ ይነሳ።

ቱቦው የሚወጣ ዕለት ምን ልያዝ?

ሦስት አራት ፓድ፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ የቆሸሸውን መክተቻ ፌስታል። ማውጣቱ የአፍታ ነገር ነው፤ ኳሱ ውስጥ ያለው ውሃ ይቀዳና ቱቦው ይሳባል። ሽንት ገና ከአልጋው ሲነሳ ማምለጡ አይቀርም። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ያፍራል እንጂ አይሰበርም፤ ስለዚህ በዋዜማው ይንገሩት።

ያን ቀን የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው። ከወጣ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ካልሸና፣ ወይም እያማጠ ጠብታ ብቻ ከወጣ፣ ወዲያውኑ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ሽንቱ መቼ ነው የሚቆምለት?

እስከ ዛሬ ሽንቱን ከያዙለት ሁለት በሮች አንዱ ከፕሮስቴቱ ጋር ሄዷል። የቀረው ከሥር ያለው ጡንቻ ብቻውን መሥራትን መልመድ አለበት፤ ይህ በወራት የሚቆጠር ነው። አብዛኛው ወንድ በ3 ወር ግልጽ ለውጥ ያያል፣ መሻሻሉ እስከ 12 ወር ይቀጥላል።

ቅደም ተከተሉን ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያቃልላል። መጀመሪያ የሚደርቀው ሌሊቱ ነው። ቀጥሎ ጠዋቱ። መጨረሻ የሚቀረው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው፣ ጡንቻው ስለሚደክም። ሲነሳ፣ ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲስቅ የሚያመልጠው ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል። «ጠዋት ደረቅ ነበር፣ ማታ ተበላሸ» የሚለው ቅሬታ እንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።

መሻሻሉን በዓይን መገመት ያሳስታል፤ በኩሽና ሚዛን ይለካል። ደረቁን ፓድ ይመዝኑ፣ ከዚያ በ24 ሰዓት የተቀየሩትን ሁሉ፤ ከእያንዳንዱ ፓድ የደረቁን ክብደት ሲቀንሱ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ፓድ ደረቁ 20፣ ሲረጥብ 170 ግራም ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር አምልጦታል ማለት ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በየቀኑ መመዘን ሁለታችሁንም ያሳብዳል።

እንዳያመልጠው ብሎ ውሃ መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውሃ ያነሰው የወፈረ ሽንት ፊኛውን ያስቆጣዋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። የሚቀነሰው ቡና፣ ሻይና አልኮል ነው። ቆዳው እንዳይላጥ ፓዱ ሲረጥብ ይቀየር፣ ታጥቦ ይድረቅ፣ ውሃ የማያስገባ ቅባት ይቀባ። ሽንት ቤት ባገኘ ቁጥር «ለማንኛውም» ብሎ መግባትም ፊኛውን ጥቂት መያዝ ብቻ ያስለምደዋል።

እየተሻለው ሄዶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሽንቱ ጅረት ከቀጠነ፣ መጀመር ካስቸገረው፣ ስፌቱ ያለበት ቦታ እየጠበበ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ብዙዎች «ማምለጡ ቀነሰልኝ» ብለው ደስ ሲላቸው ይህ ያልፋቸዋል። ከ6 ወር እስከ ዓመት ጠብቆ አሁንም ብዙ የሚያመልጠው ሰው በቀዶ ሕክምና የሚገባ ማንጠልጠያ ወይም ሰው ሠራሽ የሽንት መቆጣጠሪያ አለለትና ዕድሜ ልኩን በፓድ እንዲኖር አልተፈረደበትም።

የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴውን በትክክል እየሠራ መሆኑን እንዴት ያውቃል?

ፈስ እንዳያመልጥ እንደሚይዝ፣ ብልቱንም ወደ ውስጥ እንደሚስብ ያድርግ። ራቁቱን መስታወት ፊት ቢቆም የብልቱ ሥር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ቆለጡም ትንሽ ከፍ ሲል ያያል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ቂጡ ከተጨመቀ ወይም ትንፋሹን ከያዘ ሌላ ጡንቻ እየሠራ ነው። 10 ጊዜ ማጥበቅ፣ መጀመሪያ 3 ሰከንድ፣ እያደር እስከ 10 ሰከንድ፣ በመሃሉ ያንኑ ያህል ማላላት፤ በቀን 3 ጊዜ። ከዚያ በላይ ማብዛት ጡንቻውን አድክሞ ማምለጡን ያብሳል። ከመነሳቱና ከማሳሉ በፊት ማጥበቅን ልማድ ያድርግ።

ቱቦው ሳይወጣ አይጀመርም። እየሸኑ መሃል ላይ እያቋረጡ መለማመድም አይመከርም።

ግንኙነታችን እንዴት ይሆናል?

የብልት መቆምን የሚያዙት ነርቮች ከፕሮስቴቱ ግራና ቀኝ ተለጥፈው የሚያልፉ ሁለት ቀጫጭን ጥቅሎች ናቸው። ሐኪሙን «ነርቮቹ ተርፈዋል? ሁለቱም ወይስ አንዱ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚጠበቀው ሁሉ ከዚህ መልስ ይነሳል። የተረፉትም ቢሆኑ ስለተነካኩ ይደነዝዛሉ፤ ለመመለስ 18 ወር፣ 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ስለዚህ በሦስተኛው ወር ምንም አለመኖሩ ፍርድ አይደለም። ለእርስዎ ያለው ፍላጎት ቀንሶም አይደለም፤ ፍላጎቱና መቆሙ በተለያየ መንገድ ነው የሚመጡት።

የመቆም ችግር ቢኖርም እርካታ ላይ መድረስ ይችላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የዘር ፈሳሽ ግን አይወጣም፣ ምክንያቱም የሚያመነጩት ዕጢና ከረጢቶች የሉም፤ በተፈጥሮ መንገድ ልጅ መውለድም አይኖርም። በእርካታ ጊዜ ሽንት ጥቂት ሊያመልጠው ስለሚችል ቀድሞ መሽናት ወይም ኮንዶም ማድረግ። ካንሰሩ በግንኙነት አይተላለፍም። ሐኪሙ ሌላ ካላለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ መጀመር ይቻላል። ወራት ካለፉ እርስዎም ድርቀት ሊያጋጥምዎት ስለሚችል ማለስለሻ ይኑር።

እርዳታዎቹ በደረጃ ናቸው። ሲልዴናፊልና ታዳላፊል የሚባሉት ክኒኖች ነርቭ በተረፈለት ላይ ይሠራሉ፣ ያውም ስሜቱ ከተነሳሳ፤ ሲልዴናፊል ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ ይዘገያል። ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሁለቱንም መንካት የለበትም፣ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። የአየር መሳቢያ ፓምፕ ነርቭ ባይተርፍም ይሠራል፤ ከፓምፑ በኋላ ብልቱ ሥር የሚደረገው ቀለበት ግን ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ብልት ላይ የሚወጋ መርፌም አለ፤ መጠኑ በሐኪም ፊት ይለካል። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይላላ የቆየ ብልት ድንገተኛ ሕመም ነው፤ አፍሮ እስኪነጋ መጠበቅ ብልቱን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ዝም ብሏል፤ ስጠይቀው ይቆጣል። እኔም ደክሞኛል።

ሊሠራ የሚችለውን ይሥራ። ከረጢቱን ራሱ ያፍስስ፣ ፓዱን ራሱ ይቀይር፣ ራሱ ይጣል። ይህ ሸክምዎን ያቃልላል፣ እሱንም እንደ ሕፃን ከመቆጠር ያድነዋል፤ ቁጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። «እንዴት ነህ?» ከሚለው ይልቅ «ዛሬ ስንት ፓድ ቀየርክ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ሁሉ ነገር ካስጠላው ወይም ስለ ሞት ካወራ ለሐኪሙ ይነገር።

የሌሊት ከረጢቱ በትክክል ከተሰካ በየሰዓቱ መነሳት አያስፈልግም። ፍራሹ ላይ ከአንሶላው ሥር ፕላስቲክ ያንጥፉ። ደም የነካውን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉ። ከዘመድ አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ይተካዎት፤ እምቢ የሚለው ባልየው ቢሆንም።

ውጤቱን ሲነግሩን ምን እንጠይቅ?

የወጣው ዕጢ ተመርምሮ የሚመጣውን ጽሑፍ ቅጂ ይቀበሉ። በውስጡ የግሊሰን ነጥቡ (የካንሰሩን ጠበኛነት የሚያሳየው ቁጥር)፣ ካንሰሩ በዕጢው ውስጥ ተወስኖ ወይም ከቅርፊቱ ወጥቶ እንደሆነ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ መገኘት አለመገኘቱ፣ ንፍፊቶች ወጥተው ከሆነም ያሉበት ሁኔታ ይገኛል። ጠርዙ ላይ ተገኘ ማለት ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ክትትሉ ግን ይጠናከራል።

የመጀመሪያው የፒኤስኤ (ከፕሮስቴት ወጥቶ በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን) ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። ቀድሞ መመርመር ጥቅም የለውም፣ በደም ውስጥ የቀረው ገና ስላልጠራ። ፕሮስቴት የሌለው ሰው ፒኤስኤ በሚሊ ሊትር ከ0.1 ናኖግራም በታች መሆን አለበት። 0.2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሁለተኛ ምርመራ ከተረጋገጠ ካንሰሩ እንደተመለሰ ይቆጠራል፤ ያኔም የጨረር ሕክምና አለ፣ ቁጥሩ ዝቅ እያለ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይሁን። ከመሣሪያ መሣሪያ የሚመጣ የ0.05 ልዩነት እንቅልፍ የነሳቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ወንዶች ልጆቻችሁና ወንድሞቹም ይስሙ። አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ ካንሰር ያለበት ወንድ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ሐኪም ያማክር፤ ሲያማክርም የአባቱን የምርመራ ጽሑፍ ይዞ ይሂድ።